ልጄን ጥያቄ ያስተማርኩ ጊዜ

ልጅ ያላችሁ ጠጋ በሉ። የሌላችሁም አትራቁ፤ ይኼ ነገር በጎረቤት ልጅም በኩል ይደርሳችኋል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። «አለችኝ» ስል በሩ ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ እኔም ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ ማለቴ ነው። ደንበኛ የሚገባው ግን ወይ ለጉርድ ፎቶ፣ ወይ ዝናብ እስኪያባራ ለመጠለል ነው። ድሮ ሰው ልብሱን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ቅቤ ቀብቶ፣ «እባክህ አሳምረህ አንሳኝ» እያለ ይመጣ ነበር። አሁን ሁሉም ካሜራውን ኪሱ ከቶ ይዞራል። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ዘው ብሎ ገባና፣ ግድግዳዬ ላይ ካለው የፏፏቴ ሥዕል ፊት ቆሞ፣ ራሱን በራሱ ስልክ አንስቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ። ምን እላለሁ? «ደህና ሁን» አልኩት።

እንግዲህ የልጄ ትምህርት ቤት «ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለወላጆች ገለጻ ይደረጋል» ብሎ ሲጠራን፣ ከሁሉ ቀድሜ የፊት ወንበር የያዝኩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ስልክ ካሜራዬን ከበላ፣ ይኼኛው ደግሞ ልጄን እንዳይበላት ፈራሁ።

ገለጻ አድራጊው ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለቀ፣ ከማርቆስ ብርድ ጋር ገና ያልተዋወቀ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ምስል እንዳበራ መብራት ሄደ። እሱ ግን እጁን ብብቱ ሥር ከቶ ቀጠለ።

«መልስ መስጠት ማሽኑም ይችላል» አለ። «ልጆቻችሁ ሲያድጉ የሚጠቅማቸው መጠየቅ ነው። የሰሙትን ሁሉ እንዳለ አይዋጡት፤ ያላምጡት። እናንተም ጥያቄ አስተምሯቸው።»

ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ይኼ ያልከው ነገር አረም ያርማል?»

«ለጊዜው አያርምም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ለጊዜው ልጄ ታርም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፎቶ ቤት ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይስቅም።

እቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ለውባለም ነገሩን አብራራሁላት። ውባለም አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስለ መጪው ትውልድ የምታውቀው ከእኔ ቀድማ ነው። «ህሊናን ጥያቄ ላስተምራት ነው» ስላት፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ህሊናን? ከምትናገረው ግማሹ ጥያቄ የሆነችውን ልጅ?»

«እሱ ተራ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው የሠለጠነ ጥያቄ ነው።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ህሊና አራተኛ ክፍል ናት። ስልኬ ላይ ያንን የሚጠየቅና የሚመልስ ነገር አስጭኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «የምናውቀውን ነገር ጠይቂውና እንፈትነው» አልኳት። እሷም «ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምን ብሠራ ጥሩ ነው?» ብላ ጻፈች። ማሽኑ አላመነታም። በዛሬው ፈጣን ለውጥ በሚታይበት ዓለም መዝናናት ለጤና ቁልፍ ሚና እንደሚጫወት ከገለጸ በኋላ፣ በከተማችን ውብ የባሕር ዳርቻ በባዶ እግራችን እንድንንሸራሸር መከረን።

ህሊና ወደ መስኮቱ ሄዳ ውጭውን አየች። የታየው ባጃጅና ጭቃ ነው።

«አባዬ፣ የምን ባሕር ነው?»

እኔም ዕድሉን አገኘሁና እንደ መምህር ተነሥቼ ቆምኩ። «ይኼውልሽ! ንግግሩ ስላማረ እውነት ነው ማለት አይደለም። ማሽንም ይሁን ማንም ሰው አንድ ነገር ሲነግርሽ፣ ‹ከየት አወቅህ?› በይ። ‹ማን አየ?› በይ። ‹ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?› በይ።»

ስሕተቴን ልብ አላችሁት? «ማንም ሰው» አልኩ። «ከአባትሽ በቀር» ማለት ይገባኝ ነበር።

በማግሥቱ ከጎረቤታችን ከአቶ ሰይድ ሱቅ ማር እንድታመጣ ላክናት። አቶ ሰይድ ሱቃቸው ሁልጊዜ በሰው የተሞላ፣ ቀልደኛ ነጋዴ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ማሩን እየቀዱ «ንጹሕ ነው፤ ምንም አልተቀላቀለበትም» ይሏታል።

«ከየት አወቁ?»

«ከዋናው ባለቀፎ ነዋ የገዛሁት።»

«ሲሠራ ማን አየ?»

«እኔ ንብ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ሰይድ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ተራ የያዙት ሴትዮ በርበሬውን ማሽተት ጀመሩ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የነበረው ሰውዬ የዘይቱን ክዳን መረመረ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሱቁ ፍርድ ቤት ሆነ። አቶ ሰይድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጅህን እወዳታለሁ» አሉኝ። «ማር ስትፈልጉ ግን አንተ ና። አንተ ምንም አትጠይቅም።» ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ከትምህርት ቤትም መልእክት መጣ። የሒሳብ መምህሯ «ዘጠኝ ሲባዛ በስምንት ሰባ ሁለት» ሲላት «ማን አየ?» ብላው፣ ባቄላ ደርድራ ካላረጋገጥኩ ብላ ክፍለ ጊዜው አልቋል። መምህሩ ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌሎቹም ልጆች ባቄላ ይዘው መምጣት በመጀመራቸው ተደስቶ ኖሯል። እኔም ተኮፈስኩ። «አየሽ?» አልኳት ውባለምን። ዓይኗን ብቻ ነው ያንከባለለችው።

ኩራቴ ብዙም አልከረመም። አንድ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ሳይ ቆየሁና፣ «የክርስትና ድግስ ፎቶ ሳነሣ ዘገየሁ» ብዬ ገባሁ። ሽሮዬን መብላት ስጀምር ህሊና ጎኔ መጥታ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ፎቶዎቹን አሳየን።»

ባስተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ያለ የተማሪ ውጤት አላየሁም።

«ካሜራው... ባትሪው አልቆ ነው።»

«ባትሪው ካለቀ ምን ስታነሣ ቆየህ?»

ውባለም ጭልፋውን እንደያዘች ዞረች። «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» አለች። በሞያዬ ለሰው ሁሉ ማስረጃ ሳነሣ ኖሬ፣ ለራሴ አንዲት ፎቶ ጠፋች።

ይኼ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። ዋናው መከራ እህቴ ላይ መጣ።

ታናሽ እህቴ ብርቱካን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ የምትሠራው ከተማው ውስጥ ባለ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ እኔ ወንድሟም አባቷም ነኝ። አንድ ቀን መሬት መሬቱን እያየች «ጋሼ፣ እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለችኝ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ድንች ሊሸጡ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀስ ብሎ ገባኝ። የሚልካቸው ይበልጣል የሚባል፣ ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ሮብ ገበያ የሚኖር የግብርና ባለሙያ ነው። ስሙን ከዚያ በፊትም እቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ሰምቼው ነበር፤ ያልሰማሁ መሰልኩ እንጂ።

«አንድ ነገር ግን በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ» አለች ብርቱካን። አሁን አልቀለደችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ህሊናን የዚያን ቀን የሆነ ቦታ ላክልኝ። ሰዎቹን አንድ ነገር ብላ ብታስቀይማቸው፣ ሁለተኛ አይመጡም።»

ማልኩላት። ህሊናን የውባለም እህት ቤት ልልካት አሰብኩ። እሑድ ሲደርስ ግን የውባለም እህት ለለቅሶ ደጀን ሄዳለች፤ ዝናቡም ልጅ ውጭ የሚያስወጣ አይደለም። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። ጨነቀኝ። ጭንቅ ደግሞ ብልሃት ይወልዳል ይባላል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ያስወርደዋል። ካሜራዬን አንሥቼ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

«ዛሬ ፎቶ አንሺዋ አንቺ ነሽ። ፎቶ አንሺ ደግሞ አይናገርም።»

«ለምን?»

«ከተናገረ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።»

ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት ሽማግሌዎቹ ገቡ።

ሦስት ናቸው። ፊት የገቡት የደብራችን መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ዝምታቸው የሚከብድ፣ ሲናገሩ ደግሞ አንዱ ቃላቸው ሁለት የሚሆን የቅኔ ሰው። ቀጥለው አቶ አድማሱ፤ ከተማው ውስጥ የእሳቸው አንደበት ያልገባበት ጋብቻ የለም። መጨረሻ ላይ አያ አለኸኝ፣ የይበልጣል አጎት፤ ከሮብ ገበያ በዝናብ መጥተው ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል። «ተቀመጡ» ብንል እምቢ አሉ። ቃላቸው ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። ብርቱካንና ውባለም ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ህሊና ጥግ ላይ ቆማ ካሜራውን ደግናለች።

አቶ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። «በዛሬው ፈጣን ለውጥ በሚታይበት ዓለም ውስጥ፣ ጋብቻ ለማኅበረሰብ ዕድገት ቁልፍ ሚና ይጫወታል።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው። ይኼ የአቶ አድማሱ አነጋገር አይደለም። እሳቸው የሚታወቁት «እንደ ጥላ ተጠግተን፣ እንደ ዋርካ ልንጠለል መጣን» በሚል ዓይነት ነው። ሰውዬው ግን እንደ ዳዊት ሸምድደውታል፤ አልቆሙም።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልጃችን ይበልጣል ሁለገብ ክህሎት ያለው ወጣት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ውብ በሆነው የሮብ ገበያ የባሕር ዳርቻ ተወልዶ እንደ ማደጉ መጠን...»

ካሜራው ቀጭ ማለቱን አቆመ። እኔም መተንፈሴን አቆምኩ።

«ሮብ ገበያ ባሕር አለ እንዴ?» አለች ህሊና።

ሳል ሳልኩ። ለዝሆን የሚበቃ ሳል ነው የሳልኩት። አልረዳኝም።

«ምን አለች ልጅቷ?» አሉ አቶ አድማሱ።

«ባሕሩን ማን አየው?»

አቶ አድማሱ ወደ አያ አለኸኝ ዞሩ። «ያንተ አገር አይደለም? ንገራት እንጂ።»

አያ አለኸኝ አሰቡ። «እኔ እንግዲህ እዚያው ነው ያረጀሁት። ድንች አለ። ገብስ አለ። ጭቃም ሞልቷል። ባሕር ግን... ከትናንት ወዲህ ገብቶ እንደሆን አላውቅም።»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኛ ቤት ደግሞ በመናገር አማችነት ሊቀር ነው። ልታደግ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። «ምናልባት አቶ አድማሱ፣ በክረምት ማሳው ላይ የሚተኛውን ውኃ ማለትዎ ይሆናል።»

አያ አለኸኝ ቀና አሉ። «የማን ማሳ ላይ ነው ውኃ የሚተኛው? ቦዩን በየዓመቱ የማወጣው እኔ ነኝ!»

ልጄ የጠየቀችው ስለ ባሕር ነበር፤ የሰው መሬት የሰደብኩት እኔ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አቶ አድማሱ ጥግ ያስደገፉትን ዘንጋቸውን አነሡ። «በዚህ ዕድሜዬ በሕፃን ልፈተን? እንሂድ» አሉ።

እንባ ያቀረረው የብርቱካን ዓይን ታየኝ። በሩ ላይ ቆሜ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ጀመርኩ። ህሊና ግን ካሜራዋን አውርዳ ወደ አቶ አድማሱ ቀረበች። ድምፅዋ ክፋት የለበትም፤ ያሳዘኗት ይመስላል።

«አባባ፣ ንግግሩን ስልክ ነው የጻፈልዎት? ‹ቁልፍ ሚና› የሚለው እኮ እሱ ነው። ለእኛም ባሕር አለ ብሎናል።»

አቶ አድማሱ ዘንጋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ እንደ ተያዘ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

«ይበልጣል ነው ያመጣልኝ» አሉ። «‹የልጅቷ ወንድም ሰሞኑን ከዚህ ማሽን ሌላ የሚያከብረው ነገር የለም፤ በሱ ቋንቋ ካልሆነ አይሰማንም› አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ስሸመድድ ከረምኩ። ግማሹ አልገባኝም። ስንቱን ትዳር በገዛ አፌ ያቆምኩ ሰው!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። መጋረጃውም ወደኔ የዞረ መሰለኝ። ለካ እህቴ ለይበልጣል፣ ይበልጣል ለአቶ አድማሱ፣ እንዲህ እየተቀባበሉ የኔን እብደት ነበር ሲሸከሙ የሰነበቱት። መሬት ብትከፈት ኖሮ ከነወንበሬ እገባ ነበር።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ህሊናን አዩአት። «ሌላስ የምትጠይቂው አለሽ፣ ልጄ?»

ህሊና አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«ይበልጣል አክስቴን እንደሚወዳት ማን አየ?»

«እኔ አየሁ» አሉ አያ አለኸኝ፣ ቁጣቸውን ትተው። «ይኼ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ማርቆስ ይወርዳል። ‹ምን ልታመጣ?› ስለው ‹ለበጎቹ የትል መድኃኒት› ይለኛል። በጎቼ ትል የላቸውም፤ ያመጣውን ግን ይግታቸዋል። አሁንማ የእሱን ድምፅ ሲሰሙ አጥር ይዘላሉ። አንዷ ግልገል ጭራሽ ጎረቤት ገብታ አልመለስም ብላለች። ‹ልጄ፣ መድኃኒቱን ከምትገዛ ሻጯን አግባት› አልኩት። እኔ ንግግር አላውቅም። በጎቼን ላድን ነው የመጣሁት።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ሙሽራ በእንዲህ ያለ ቀን ድምፅዋ አይሰማም፤ የብርቱካን ሳቅ ግን መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መድኃኒቱን ለዚያ ሁሉ በግ ስትሸጥ የከረመችው ራሷ አይደለች? አቶ አድማሱ ለመኮሳተር ትንሽ ታገሉ፤ አልቻሉም። ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔም ክብሬን ሰብሰብ አድርጌ፣ ደንቡ እንደሚያዘው «እንግዲህ ከዘመድ ጋር እንመክርና...» ብዬ ጀመርኩ።

«ከአክስቴስ ጋር?» አለች ህሊና።

እውነቷን ነው። «ሽማግሌ ይመጣል» ተብዬ ሰንጋ ሳስብ፣ ድንኳን ሳስብ ሰንብቼ፣ ብርቱካንን «ምን ትያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። መሪጌታ «ይገባል» አሉ በአጭሩ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ብርቱካን ጉንጯን እየጠረገች፣ ውባለም ግድግዳውን ተደግፋ ይስቃሉ። የተሰበረው ብርጭቆ መሬት ላይ ነው።

«ብርቱካን፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው። ምን ትያለሽ?»

ሳቋን ዋጠች። «በጎቹ አሳዘኑኝ» አለች።

«ይኼ ምን ዓይነት መልስ ነው?»

«እንደሱ በልልኝ።»

ወጣሁና በታላቅ ወንድም ድምፅ አስታወቅሁ፦ «በጎቹ አሳዘኑኝ ብላለች።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተፈቅዷል» አሉና፣ መጀመሪያ እሳቸው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ። ውባለም ዶሮውን አቀረበች። አቶ አድማሱ ሁለት ጉርሻ እንደበሉ አንደበታቸው ተመለሰላቸውና፣ ያንን የጥላና የዋርካውን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙን። ጉዳዩ ያለቀ ቢሆንም አልከለከልናቸውም፤ ደግሞም አማረ። ህሊና ፎቶ እያነሣች ዞረች። አያ አለኸኝ ማሳቸውን መስደቤን ይቅር ያሉኝ ሦስተኛው ብርጭቆ ጠላ ላይ ነው።

ሲነሡ መሪጌታ ሊመርቁ ቆሙ። እኛም ቆመን እጃችንን ዘረጋን። ብዙ መረቁን። በመጨረሻ እጃቸውን የህሊና ራስ ላይ ጭነው፣ «ይችን ልጅ ጠያቂ አያሳጣት» አሉ።

«አሜን!» አልን በአንድ ድምፅ። የኔ አሜን ከሁሉ በላይ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ነበርና እስከ አጥሩ በር ሸኘናቸው። ህሊና የመሪጌታን ጋቢ ጫፍ ያዝ አደረገች። «አባባ፣ ጠያቂ ያሉት የቱን ነው?»

መሪጌታ ቆሙ፤ ፊታቸው በራ። «አንቺስ ስንት አገኘሽ?»

ህሊና በጣቷ ቆጠረች። «አንዱ ስታመም መጥቶ የሚጠይቀኝ። ሁለተኛው እንደ እኔ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው።»

«አንድ ይቀርሻል» አሉና ዘንጋቸውን አንሥተው በጭቃው ላይ እየመረጡ ሄዱ።

ህሊና ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ሦስተኛው ምንድን ነው?»

ሦስተኛው ገብቶኛል፤ ለትዳር የሚጠይቃት ነው። እንዲህ ያለው ጠያቂ የሚልካቸው ዓይነት ሽማግሌዎች ከእግራቸው ጭቃ ጋር አሁን ከደጄ እየወጡ ነው። ልጄን ለመጪው ዘመን ላዘጋጅ ብዬ የተነሣሁ ሰው፣ መጪው ዘመን ትንሽ ቆሞ ቢጠብቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካሜራውን ከአንገቷ አውልቄ እጇን ያዝኩ።

«እንጃ» አልኳት። «ስታድጊ ይመጣል።»